በካላማዳሪያ የታሰረው ማብሪያ

ማሽኑ ሲነሣ የሚያወጣው ጩኸት የሰው ጩኸት አይመስልም። ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ያርፋል፤ እሱ አያርፍም። ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ወንዙን ይዘው ሲወርዱ የመቃብር ድንጋይ የሚሠራበት አንድ ግቢ አለ፤ ልጄ እዚያ ድንጋይ ትወለውላለች። እኔ ከእሪ በከንቱ ተነሥቼ፣ ፒያሳን ዞሬ፣ ወርቅ ቤቶቹ መስታወት ፊት ትንሽ ቆሜ፣ ምሳዋን በፌስታል አንጠልጥዬ ቁልቁል ስወርድ ጩኸቱን ገና ከድልድዩ ላይ እሰማዋለሁ። ከሰማሁት ልጄ ቆማለች፣ እጇም ከነጣቱ አለ ማለት ነው።

እግሬ ቤት አይቀመጥም። የሠፈር ልጆች «እማማ፣ ዛሬ ስንት ኪሎ ነዱ?» እያሉ ይስቁብኛል። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ሥላሴ ግቢ የመቃብር ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ያለፈ ያገደመውን «ይህቺ ማናት?» እያልኩ ነው። ስለዚህ ልጄ ወደዚህ ሥራ ስትገባ ድንጋዩ ለኔ እንግዳ አልነበረም። እንግዳ የሆነብኝ ማሽኑ ነው።

ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው፤ ክንድ አይሞላም። ጫፉ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ይለጠፍበታል፤ እነሱ ፓድ ይሉታል። ያ ክብ እየተሽከረከረ የድንጋዩን ፊት ይበላዋል። አንድ ቀን የግቢው ካቦ ሳይኖር ልጄ ጠራችኝ።

«ነይ፣ አንዴ ያዢው።»

«እኔ? ይገድለኛል።»

«ካልተጫንሽው አይገድልሽም። መጀመሪያ ነጠላሽን አውልቂ።»

አወለቅኩ። ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልላ ጫፉን ወደ ውስጥ ከተተችልኝ። የራሷን መነጽር ዓይኔ ላይ አደረገችልኝ። ገመዱን በትከሻዬ ላይ አሳልፋ ከኋላዬ ለቀቀችው፤ ከፓዱ እንዳይደርስ፣ ውሃውም ላይ እንዳይተኛ። ድንጋይ ሲወለወል ውሃ ይንጠባጠብበታል፤ ያለዚያ ይግላል፣ አቧራውም ሳንባ ይገባል። «ውሃ ላይ ቆመን መብራት ይዘን ነው የምንሠራው» አለችኝ። «እኔ በየጠዋቱ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ እዳብሰዋለሁ። ቁስል ካገኘሁበት አልሰካውም።» አንድ እጄን ከኋላ ማብሪያው ላይ፣ ሌላውን በጎን ወጣ ያለው እጀታ ላይ አስያዘችኝ። ፓዱን ድንጋዩ ላይ አጋድሜ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው «በይ ተጫኚ» ያለችኝ።

ወደ ጎን ወሰደኝ። ባለቤቴ ክንዴን ይዞ ሲጎትተኝ እንደዚያ ነበር፤ ሰውነቴ ያውቀዋል። ጥርሴን ነክሼ ባለ በሌለ ኃይሌ ተጫንኩት።

«አትጫኚው እማዬ። የራሱ ክብደት ይበቃዋል። አንድ ቦታ ከተጫንሽው ድንጋዩ ፊት ላይ ጎድጓዳ ይቆፍራል፤ ገደል እንለዋለን። ሂጂ፣ ተመለሺ፣ የሄድሽበትን ግማሹን እየደረብሽ።»

ለቀቅ ሳደርግለት እሱም ለቀቀኝ። ጣቴን ከማብሪያው አንሥቼ ወዲያው መሬት ላስቀምጠው ስል ክንዴን ያዘችኝ፤ ክቡ ገና እየዞረ ነበር። እስኪቆም አብረን ይዘነው ቆየን። ከሸካራው ፓድ እስከ ልስልሱ ሰባት ናቸው፤ አንዱን የዘለለ ሰው የሸካራውን ጭረት መጨረሻ ላይ ያገኘዋል፤ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። ፓድ ስትቀይር ሶኬቱን ትነቅላለች፤ ነቅላም አንዴ ማብሪያውን ተጭና ትሞክረዋለች። ልጄ እንዲህ ስትናገር ደስ ትለኝ ነበር። ሌላ ሙያ የላትም፤ ሌላም አትፈልግም። እጇን ካጣች ምንም አይኖራትም።

ስለ ባለቤቴ ነካክቻለሁና ልጨርሰው። ነፍሱን ይማረው፣ እጁ ከባድ ነበር። በቡጢም፣ በቀበቶም ይመታኝ ነበር፤ ሁለት ጥርሴን ያወለቀው በጫማ ተረከዝ ነው። አንድ ጊዜ ራሴን ከበር መቃን ጋር አጋጭቶኝ ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማም። ያን ሁሉ ዘመን ያቆየኝ ዝም ማለቴ ነው ብዬ አምን ነበር። ለልጄም ያስተማርኳት ይህንኑ ነው። ሲጮኹብሽ ዝም በይ፤ ሲመቱሽ ዝም በይ፤ የባሰ እንዳይመጣ።

ግቢው ደም የለመደ ግቢ ነው። ድንጋይ ሲሰነጠቅ ፍንጣሪው ዓይን ይፈልጋል። የጽሑፍ ቀራጩ ሽማግሌ አውራ ጣቱን ሙሉ፣ ሌባ ጣቱን ግማሽ መቁረጫ በልቶበታል። «እትዬ፣ እኔ ስምንት ተኩል ነኝ» ይለኛል፤ «ግማሿን ለማስታወሻ ትቶልኛል።» ሁለት ጠራቢዎች በመዶሻ ሲደባደቡ አይቻለሁ፤ አንዱ መንጋጋው ተሰብሮ በላዳ ተጭኖ ሄደ፤ ሌሎቹ ደሙን በባልዲ ውሃ አጥበው ሥራቸውን ቀጠሉ። ካቦው ደግሞ ሰው የሚያስተምረው በጥፊ ነው። ወፍራም፣ ፈጣን፣ ምላሱም እንደ እጁ የሆነ ሰው ነበር። ልጄን አንድ ቀን በእርጥብ ገመድ ጀርባዋን ሲገርፋት ደረስኩ። ፌስታሌን እንደያዝኩ ቆምኩ። እኔን ሲያይ ፈገግ አለ።

«ማዘር፣ ዛሬ ደግሞ ከየት ዞረው መጡ?»

«ከፒያሳ።»

«ፒያሳ ገና አለች?» አለና ሄደ። ልጄ ማሽኑን አነሣች። እኔ ምሳዋን አስቀምጬ ተመለስኩ።

ይህን ሁሉ የማወራበት ቀን ሐምሌ ውስጥ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ የሸራውን ጣሪያ ይደበድበዋል፤ ወንዙ ከታች ይጓጉራል። አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ለሙት ዓመት መድረስ ነበረበት፤ ቤተሰቡ ጠዋት መጥተው ካቦው ላይ ጮኸውበታል። እነሱ ሲወጡ እሱ ወደ ልጄ ዞረ፤ እኔም ያን ቀን ምሳዋን ይዤ ቀደም ብዬ ደርሼ አጠገቧ ነበርኩ። የልጄ ማሽን ማብሪያው በጣት ሲጫኑት ብቻ የሚሠራ ነው፤ ጣት ከተነሣ ይቆማል። ልጄ ደግሞ በየመሀሉ ታቆመዋለች፤ ጭቃውን በስፖንጅ ትጠርጋለች፣ ድንጋዩን ታደርቃለች፣ ጎንበስ ብላ በብርሃኑ በኩል ታየዋለች። ሥራው እንዲያ ነው የሚያምረው። ለካቦው ግን ስንፍና መሰለው።

«አንቺ ፎቶ ልትነሺበት ነው እንዴ ዝም ብለሽ የምታዪው?»

«ጭረት ቀርቶ እንደሆነ ነው የማየው።»

«ጣትሽ ሲነሣ ሰዓቴ ይሄዳል። አምጪው።»

ከመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ቀጠን አድርጎ ቆረጠና ማብሪያውን ከነእጀታው ሁለት ሦስቴ ጠምጥሞ አሰረው። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ የሚቆመው ሶኬቱ ሲነቀል ብቻ ነው። ሌሎቹም እንዲሁ ያስሩ ነበር፤ ጣት አያደክምም ይላሉ። ልጄ ግን እስከዚያ ቀን እምቢ ብላ ኖራለች። ማሽኑን ታቅፋ ቆመች። ካቦውን አላየችውም፤ እኔን አየችኝ። ልትናገር ነው፤ ከንፈሯ ተከፍቷል።

ራሴን ነቀነቅኩ። ዝም በይ ማለቴ ነው።

ዝም አለች። ሶኬቱን ሰካች፤ ማሽኑ ያለ ጣት ጮኸ።

ምሳ ሰዓት አካባቢ መብራት ጠፋ። ግቢው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ዝናቡ ብቻ ቀረ። ልጄ ማሽኑን አቅፋ ክቡ እስኪቆም ጠበቀች፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ጋደም አደረገችው። ስንት ዓመት ጣቷን ስታነሣ ማሽኑ ጠፍቶላታል፤ ሶኬት መንቀልን ለፓድ መቀየሪያ ብቻ ነበር የምታስበው። መብራት ሲጠፋማ ምን ይነቀላል? ጠፍቷል አይደል። ድንጋዩን ተደግፋ ተቀመጠችና ምሳዋን ከፈተች። እኔም አላሰብኩትም። እኔ ያየሁት ጀርባዋ መርጠቡን ነው፤ ስትንቀጠቀጥ ነው። ነጠላዬን አውልቄ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት፤ አንገቷ ላይ አንዴ አዞርኩላት። የቀረው ጫፍ ከኋላዋ ድንጋዩ ላይ ተንጠለጠለ።

ሁለት ጉርሻ በልታ ነበር። ሦስተኛውን ስትጠቀልል ከላይ ከሠፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ። መብራት በመጣ ቁጥር ይሄ የአገሩ ልማድ ነው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቀና አልኩ።

ማሽኑ ድንጋዩ ላይ ዘለለ። አንድ ጊዜ ዘለለና የነጠላውን ጫፍ ነከሰ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ልጄ ወደ ኋላ ስትጎተት ነው፤ ራሷ ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ድምፁ ከማሽኑ በላይ ተሰማኝ። ነጠላው እየተጠመጠመ አንገቷን ሰበሰበው። ዓይኗ ፈጠጠ። ቀኝ እጇን በአንገቷና በጨርቁ መካከል ልታስገባ ሞከረች፤ ጨርቁ እጇን ይዞ ወደ ክቡ ወሰደው። እኔ ምን አደረግኩ? ነጠላውን ያዝኩና ጎተትኩ። ወደ ኔ በጎተትኩት ቁጥር አንገቷን አጠበቅኩት። ልጄን በገዛ እጄ ሳንቅ ነበር። የጣቷ አጥንት ሲሰበር ሰማሁት፤ እንደ ደረቅ እንጨት ነው፣ ሁለት ጊዜ። ደሙ ከጭቃው ውሃ ጋር ፊቴ ላይ ተረጨ።

ጽሑፍ ቀራጩ ሽማግሌ ወደ እኛ አልመጣም። ወደ ግድግዳው ሮጦ ሶኬቱን ከነኤክስቴንሽኑ በጠሰው። ማሽኑ እየጎረመረመ ቆመ። ከዚያ ነው በቢላ ነጠላውን አንገቷ ላይ የቆረጠው። ልጄ አየር ስትስብ ያሰማችውን ድምፅ ልጽፈው አልችልም።

የመዳፏ ቆዳ ከትንሿ ጣት ጀምሮ ተገፎ ነበር። የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ወደ ኋላ ታጥፈዋል። እጇን በነጠላዬ ቁራጭ ስጠቀልል ካቦው እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ ያየው ድንጋዩን ነው። በእጁ ደሙን ጠረግ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ተጫረ?» አለ።

አጠገቤ የፓድ መፍቻው ብረት ተቀምጦ ነበር። አነሣሁት። ድመት እንኳ መትቼ የማላውቅ ሴት ነኝ፤ ባለቤቴ ላይ አንድ ቀን ጣቴን አላነሣሁም። ቅንድቡ ላይ መታሁት። በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ደሙ በጣቶቹ መሃል ወጣ። ሁለተኛ መታሁት፤ ጆሮው አጠገብ ነው። ሦስተኛውን ሽማግሌው ከኋላ ይዞ አስቀረብኝ። «በቃ እትዬ፣ በቃ፣ ልጅቷን እንያት» ይለኛል። እኔ ግን ሦስተኛውን ፈልጌው ነበር። እውነቱን ልናገር፤ እጄ ቀለለኝ።

ሐኪም ቤት ያያት ሐኪም ወጣት ነው፤ አልዋሸንም። ሁለቱ ጣቶች እንደማይቆረጡ፣ እንደ ድሮው ግን እንደማይታጠፉ ነገረን። ልጄ እጇ ላይ ያደረጉላት ጄሶ ሲደርቅ እኔን ሳታይ «ስፖንጅ መያዝ እችላለሁ፤ ማሽን ግን እጀታ አለው» አለች። ሌሊቱን... እንዴት እንዳደረች አልነግራችሁም። ያኔ ነው ልነግራት የሞከርኩት፤ ራሴን ባልነቀንቅ ኖሮ፣ ነጠላዬን ባላለብስሽ ኖሮ እያልኩ። «ተይው እማዬ» አለችኝ። ይቅር ማለቷ ይሁን መሰልቸቷ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ካቦው ቅንድቡ ተሰፍቶ ክስ እመሠርታለሁ አለ። ልጄንም ግቢው ድርሽ እንዳትል አለ። ሽማግሌው መሃል ገባ፤ ከሠፈሩ ሁለት አዛውንት ይዞ፣ የልጄ ጄሶ ከተፈታ በኋላ አንድ እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሸራው ሥር አስቀመጠን። ደም ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ በእኛ ወግ ደግሞ ደም ያፈሰሰ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ካቦው ይህንኑ ጠየቀ።

«ድንጋይ ትሸከምልኝ።»

«ድንጋይስ ሞልቶናል» አለ ጽሑፍ ቀራጩ። «ምርጫው የእርስዎ ነው እትዬ፤ ነጭ ይሻላል ጥቁር?»

አዛውንቶቹ ሳቁ፤ ካቦው አልሳቀም። የነጭ እምነ በረድ ቁራጭ ማጅራቴ ላይ አደረግኩ። ዝናብ መትቶት ቀዝቅዟል። እግሩ ሥር ጎንበስ አልኩ። ድንጋዩን ከማጅራቴ ማንሣት ያለበት ተበዳዩ ነው፤ እሱ ደግሞ አቆየኝ። ጫማውን እያየሁ ነበር። ጠርዙ አንገቴን ቆረጠኝ። አንደኛው አዛውንት ጉሮሮውን ሲጠራርግ ነው አንሥቶ «ይቅር ለእግዜር» ያለው።

ቀና አልኩ። «የኔን ተሸክሜያለሁ» አልኩት። «የሷን እጅ ማን ይሸከምልኛል?»

«እኔ ምን አደረግኋት? ማሽኑ ነው።»

«ማብሪያውን ያሰረው ማነው?» አለ ሽማግሌው።

ካቦው መሬት መሬቱን አየ። ያኔ ልጄ ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ እንዲህ አይነት ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

«ድንጋይ አልፈልግም። ማንም አይሸከምልኝ። ቦታዬን ስጡኝ።»

«በዚያ እጅ?» አለ ካቦው።

«በዚህ እጅ።»

«ከያዝሽው ቦታሽ ነው» አለ፤ «ካልያዝሽው እዚሁ አዛውንቶቹ ፊት በሰላም እንለያይ።»

ማሽኑን አመጡት። ማብሪያው ላይ አዲስ ካላማዳሪያ ታስሯል፤ ሌላ ሰው ሲሠራበት ከርሟል። ልጄ ከሽማግሌው ቢላ ተቀበለችና ቆረጠችው።

«ማን ቁረጪ አለሽ?» አለ ካቦው።

ራሴ በልማዱ ሊነቀነቅ ጀመረ። ልጄ ግን ወደ እኔ አልዞረችም። «እኔ የያዝኩት ማሽን አይታሰርም» አለችው። «ካሰርከው ራስህ ያዘው።»

የሚመታት መሰለኝ። እጁም ተነሣ፤ አዛውንቶቹን አየና የተሰፋ ቅንድቡን አክኮበት አወረደው።

ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በደህናው እጇ ዳበሰችው፤ በትከሻዋ አሳለፈችው። ፓዱን አንድ ውዳቂ ጥቁር ድንጋይ ላይ አጋደመችና ቀኝ እጇን እንደ ድሮው ማብሪያው ላይ አደረገች። ሁለቱ ጣቶች ተገትረው ቀሩ። ስትጫነው ማሽኑ ወደ ጎን ወሰዳት፤ የኋላው እጀታ ከመዳፏ አምልጦ የፓዱ ጠርዝ ድንጋዩን እንደ ጥፍር ቧጠጠው። አዲሱ ቆዳ ተሰነጠቀ፤ ደም አየሁ። ጣቷ ተነሣ፤ ማሽኑ ጠፋ።

«አየሽ?» አለ ካቦው።

ክቡ እስኪቆም ጠበቀች። ሶኬቱን ራሷ ሄዳ ነቀለች። ከዚያ የጎኑን እጀታ ፈትታ አወጣችና በሌላው ጎን ባለው ቀዳዳ አስገብታ አጠበቀችው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ግራ እጇን ወደ ማብሪያው ልታዞር ነው፤ የተሰበረው እጅ በመዳፉ ብቻ እጀታውን እየደገፈ እንዲሄድ።

«በግራ?» አለ ካቦው። «ግራኝ ልትሆኚብን?»

«ቀኙንማ እናንተ ወሰዳችሁት» አለ ጽሑፍ ቀራጩ።

ሶኬቱን ሰክታ ማብሪያውን በግራ እጇ ያዘች። ማሽኑ ጮኸ። ትከሻዋ ሲናጥ፣ አንገቷ ላይ ነጠላው የተወው ጠባሳ ሲቀላ ይታየኛል። ደሙ ከመዳፏ በእጀታው ላይ ወርዶ ከውሃው ጋር እየቀጠነ ድንጋዩ ላይ ይሄዳል፤ ፓዱ ያጥበዋል። እየጎተታት ነው፤ እሷ ግን አልተጫነችውም። ሄደች፤ ተመለሰች፤ የሄደችበትን ግማሹን እየደረበች፤ እንደ አዲስ ሰው ቀስ እያለች። እግሬ ወደ እሷ ሊሄድ ፈልጎ ነበር። አልሄድኩም፤ እጄን ብብቴ ሥር ከትቼ ቆምኩ።

አቆመችው። ጭቃውን ጠረገች፣ አደረቀች። ካቦው መጥቶ መዳፉን ድንጋዩ ላይ አስኬደ። አንድ ቦታ ላይ መዳፉ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ቆመ።

«እዚህ ጋ ገደል አለው» አለ።

«አውቃለሁ» አለች ልጄ። ሶኬቱን ነቅላ ጎንበስ አለችና የተገጠመውን ፓድ ፈታች፤ ሸካራውን አነሣች። «ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ። ከብርሃኑ ላይ ዞር በልልኝ።»

ዞር አለላት።